ቶሎ እንዲነቃ ያደረግሁት ላፕቶፕ

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ከሆነው ላይ ግን ምንም አልጨመርኩም።

ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት... ደሴ ፒያሳ፣ የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ውስጥ ነበርኩ።

ጠረጴዛዬ ላይ የእህቴ የሰልዋ ላፕቶፕ አለ። ሰኞ ዕለት "ስሊፕ ከገባ ለመንቃት አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በአላህ አስተካክልልኝ" ብላ ሰጥታኝ ሄደች። በዚያው ቀን ኮምቦልቻ ገብታ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አልገለጠችም።

ሌሊቱን ሆስፒታል አድሬ ጠዋት ለታናሻችን ለሙንዚር ለቅቄ መጣሁ። ቤት ብገባ አብድ ነበር። እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ሱቅ ከፈትሁ።

ላፕቶፑ ሲተኛ የያዘውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ይገለብጣል። የሚያዘገየው እሱ ስለሆነ አጠፋሁት። አሁን ሚሞሪው ላይ ብቻ ይዞ ይተኛል። ፈጣን ነው... መብራት ከሄደ ግን የያዘው ይጠፋል። ባትሪው ደግሞ ከሞተ ቆይቷል።

አስተኛሁትና ቁልፍ ነካሁ። በሁለት ሰከንድ ነቃ።

ስልኬ ጮኸ።

"ዓይኗን ገለጠች..." አለኝ ሙንዚር በሹክሹክታ። "ወላሂ ገለጠች።"

ለሙከራ አንድ ደቂቃ ካልተነካ እንዲተኛ አድርጌው ነበር። ስክሪኑ ጠፋ።

"ጨፈነች..."

እንደገና ነካሁት።

"ደግሞ ገለጠች... አብዱ፣ ምንድን ነው ነገሩ?"

"ስሟን ጥራት።"

"አየችኝ... ፈገግ አለች..."

ጨርሶ እንዳይተኛ ላደርገው ሴቲንጉን ከፈትሁ።

መብራት ጠፋ።

"ሙንዚር?"

"ተመልሳ ሄደች..." እያለቀሰ ነው።

ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ጄኔሬተር ወዳለው ጎረቤቴ ወደ ሚስባህ ሮጥኩ፤ ሱቁ ዝግ ነው። ተመልሼ ጥቁሩ ስክሪን ፊት ቁጭ አልኩ። እንዲህ አቅም ያጣሁበት ቀን የለም። ዲስኩ ላይ መገልበጡን ያጠፋሁት በገዛ እጄ ነው።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ። ላፕቶፑ ገና ከካርቶን እንደወጣ ዕቃ ሆኖ ተነሳ። ጽሑፎቿ የሉም። መብራት ቢሄድም መጥፋት የማይገባቸው፣ ዲስኩ ላይ የነበሩት ፎቶዎቿ እንኳ የሉም። አንድ ባዶ ሳጥን ብቻ... "ስምዎን ያስገቡ" ይላል።

ስልኬ ጮኸ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ነቃች። ቁጭ ብላለች። እንካ አናግራት።"

"ሰልዋ... እኔ ነኝ፣ አብዱልወሀብ።"

ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ በራሷ ድምፅ፣ እንደ እንግዳ ሰው በትሕትና...

"ይቅርታ... እርስዎ ማን ነዎት? ሰልዋስ ማናት?"

ዓይኔን ወደ ላፕቶፑ መለስኩ።

ባዶው ሳጥን ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው፣ ፊደል መግባት ጀመረ። አንድ... ሁለት... ሦስት... የሴት ስም ነው።

በቤተሰባችን እንዲህ የምትባል ሴት የለችም።