ከግንቡ ማዶ ያለው ውሃ

«ከልብሽ አይደለም የምትጫወቺው» አለ ሲናን፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «ይሄ የሐዘን ዘፈን ነው። ስቃይ ይፈልጋል።»

ሱንዱስ ክራር የመሰለውን ባለ ክር መሣሪያዋን፣ ዑዷን፣ እንዳቀፈች አየችው። ሐዘን! ሲናን በዕድሜው ያጣው ነገር ቢኖር ወንዝ ውስጥ የጣለው ስልክ ነው፤ እሱንም አባቱ በማግስቱ ተክተውለታል። ግን ሦስቱ አብረው ለሚጫወቱት ዘፈን ሁሉ ግጥም የሚጽፈው እሱ ነው። በየዘፈኑ አንድ ሰው ይሞታል፣ ልብ በረሃ ይሆናል፣ ጨረቃ ታለቅሳለች። ከበሮ መቺዋ ጉፍራን ደግሞ እሱ ያለውን ሁሉ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ትቀበላለች፤ ሌላ ሥራ የላትም።

ሱንዱስ የምትታገሳቸው ለሐሙሱ ውድድር ስትል ነው። ያሸነፈ ባግዳድ ሄዶ ይጫወታል፤ እሷ ደግሞ ከባስራ ወጥታ አታውቅም።

ልምምዱ እነ ሱንዱስ ቤት ነው። ከግንቡ ማዶ የጎረቤታቸው የሽማግሌው አቡ ጀባር ሚስት እሑድ ዕለት ሞተዋል። ጎረቤት ሐዘን ሲቀመጥ ሰፈሩ ቴሌቪዥን እንኳ ዝቅ ያደርጋል፤ ሠርግ የደረሰበት ሰውም ሐዘንተኛው ደጅ ሄዶ ፈቃድ ይጠይቃል። ሲናን ይህን ስለሚያውቅ ነው አፉን ሞልቶ «ጠይቄያቸዋለሁ፣ ተለማመዱ ብለዋል» ያላቸው።

ያን ቀን ከልምምዱ በኋላ እናቷ ለለቅሶ ቤቱ ሩዝና ዓሣ አስይዛ ላከቻት። ግቢው በውሃ ተጥለቅልቋል። ፓምፑ ይጮኻል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር ሞልቶ ይፈሳል፤ አቡ ጀባር ሱሪያቸው ርሶ ሽቅብ ያያሉ።

«አጎቴ፣ ሞልቶ እየፈሰሰ እኮ ነው።»

«‹አጥፋው› የምትለኝ እሷ ነበረች» አሉ። «እስክትጠራኝ እየጠበቅሁ ነው መሰለኝ።»

ሱንዱስ ፓምፑን አጠፋች። ከዚያ ስለ ልምምዱ ፈቃድ አመሰገነቻቸው።

«የምን ፈቃድ? ማንም አልጠየቀኝም፣ ልጄ» አሉ። «ትናንት ዘፈኑ ሲጀመር መስኮቴን ዘጋሁ።»

ቁጣም አልነበረባቸው። ሱንዱስ መሬት ተከፍታ በዋጠቻት ደስ ባላት ነበር።

በማግስቱ ሲናን ከጉፍራን ጋር ሲመጣ ሁሉንም ነገረችው። ዓይኑን በጨው ያጠበ ልጅ ነውና እፍረት አልታየበትም። ሽማግሌው ሊከለክሉ እንደሚችሉ፣ ውድድሩ ግን ለቅሶ እስኪያልቅ እንደማይጠብቅ አስረዳት። ከዚያ ድንገት ፊቱ በራ።

«ቆይ፣ ‹እስክትጠራኝ እየጠበቅሁ ነው› ነው ያሉት? አሪፍ ስንኝ ነው! አዝማቹ ላይ እናስገባዋለን።»

ስልኩ ላይ መጻፍ ጀመረ። ጉፍራን ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ሱንዱስን የባሰ ያናደዳት ስንኙ የእውነት አሪፍ መሆኑ ነው። በዚህ ስንኝ ባግዳድ ይደርሳሉ። ጣቶቿ ሳታዛቸው ዜማውን ፈልገው አገኙት፤ ለአፍታ ራሷንም ናቀች።

ያኔ ከግንቡ ማዶ ታንከሩ ዳግም ሞልቶ ውሃው ሲንዶለዶል ተሰማ። ሲናን አንገቱንም ቀና አላደረገ።

ሱንዱስ ዑዷን ማኅደሩ ውስጥ ከትታ ዚፑን እስከ ጫፍ ዘጋች።

«ወዴት ነው? ውድድሩ እኮ ነገ ነው!»

«ሌላ ዑድ ፈልጉ» አለች። «ስንኙንም ሰርዘው፤ ያንተ አይደለም።»

በሩን ክፍት ትታላቸው የአቡ ጀባርን ፓምፕ ልታጠፋ ወጣች።