ጭራ ቀዩ የሚጠብቀው አበባ

ሬሳው የወፍ መመልከቻው ማማ ሥር ጭቃ ላይ ተጋድሟል። ኢንስፔክተር ኦፌሊያ ቲፓን ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰች፤ ስትነሣ «ኤዲያ!» አለች። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ሬሳ፤ ሁሉም ሰልችቷታል።

ሟቹ ዶን አብዶን ናቸው፤ ኮሊብሪ የሚባሉት ትንንሽ የአበባ ወፎች የሚጎርፉበት የዚህ የአትክልት ስፍራ ባለቤት። ጠዋት ከማማው ወድቀው ሞቱ። የማማው አጥር ደረት ይደርሳል፤ ሰው ተንሸራቶ አይወድቅበትም። በእጃቸው ደግሞ ለወፎቹ የሚያንጠለጥሉት የስኳር ውሃ ጠርሙስ አለ።

«ሊሞት የወጣ ሰው ለወፍ ቁርስ ይዞ አይወጣም። ተገፍተዋል» አለች።

ፖሊሱ አስጎብኚውን ሊሳንድሮን በካቴና አስሮታል። «ትናንት ከሽማግሌው ጋር ሲጯጯህ መንደሩ ሰምቷል።»

«በዚህ ዕድሜዎ ደረጃ አይውጡ ነው ያልኳቸው!» አለ ሊሳንድሮ። «እቴ፣ ልጄ እናት የላትም። ከተማ ከወሰዳችሁኝ ማን ያሳድግልኛል?»

ኦፌሊያ ወደ ኩሽና ገባች። ሚስትየዋ ዶኛ ኸርሚኒያ ከእንግዲህ ማንም የማያንጠለጥለው የስኳር ውሃ ያማስላሉ።

«ለእነዚህ ወፎች ይህን ያህል? ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው» አለች ኦፌሊያ።

«ወይ ጉድ! እንዴት አንድ ይሆናሉ? ጭራ ቀዩ ቅናተኛ ነው፤ አንዱን አበባ ይዞ፣ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ ያባርራል። እሱ ያለው ማማው ጋ ብቻ ነው፤ ታች ሸለቆው ጥላ ውስጥ አይወርድም። ታች ያለው ምንቃረ ቆልማማው ነው። እሱ ጠብ አያውቅም፤ እንደ ፖስተኛ ካበባ አበባ ዞሮ፣ ቀምሶ ይሄዳል።» አሮጊቷ ማማሰያውን አስቀመጡ። «እግዜር ልጅ አልሰጠንም። አብዶን በእነሱ ነበር የሚጽናናው።»

የሟቹ የወንድም ልጅ ፋውስቶ በረንዳው ላይ ካሜራውን ይወለውላል።

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ታች ሸለቆው። ምንቃረ ቆልማማውን ሳይ።»

«ፎቶ አለህ?»

«ጨለማ ነበር፣ አልወጣልኝም። ግን ሲያስቅ! ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጦ ንብ እንኳ አላስጠጋ አለ።»

ኦፌሊያ በረጅሙ ተነፈሰች። ሁሉንም ማማው ላይ ሰበሰበቻቸው። ገና ሳይቆሙ አንድ ጭራ ቀይ ወፍ ከቅርንጫፉ ተወርውሮ ፋውስቶን ከአበባው አባረረውና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ይኸው፣ የነገርከኝ ወፍ» አለች ኦፌሊያ። «ታች ያለው ዘዋሪ ነው፤ ተቀምጦ አይጠብቅም። አንተ ግን ቁጭ ብሎ ሲያባርር አይተሃል። እንዲህ የሚያደርገው ጭራ ቀዩ ነው፤ እሱ የሚታየው እዚህ ብቻ ነው። ያየኸውን በትክክል ነገርከኝ፤ ቦታውን ብቻ ዋሸህ።»

«ማስረጃሽ ወፍ ነው?»

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ያንተማ እስከ ምሳም አልቆየም። ታች ካልነበርክ፣ እዚህ ከነበርክ፣ አጎትህ ሲወድቁ ለምን አልጮህክም?»

የፋውስቶ ካሜራ ከእጁ ወደቀ። «የአትክልት ስፍራውን ለሊሳንድሮ ሊያወርሰው ነበር! ደሙ እኔ ሆኜ! ተናድጄ ገፋሁት እንጂ...»

ፖሊሱ ካቴናውን ከሊሳንድሮ እጅ ፈታ። ሊሳንድሮ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ፤ ኦፌሊያም ዞር አለችለት።

ዶኛ ኸርሚኒያ ፋውስቶን ቀርበው አዩት።

«አጎትህ ከልጅነትህ ጀምሮ እዚህ ያወጣህ ነበር። ‹ይኼ ጠባቂ ነው፣ ያኛው ዘዋሪ ነው› እያለ አፉ እስኪደርቅ ነገረህ። አንድ ቀን እንኳ ብትሰማው፣ ዛሬ ባልተያዝክ ነበር» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ብትሰማው ኖሮማ፣ ልጄ፣ ለአንተ ነበር የሚያወርሰው።»