የአንገትጌው ክር

አጣቢዋ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ዘንድ ቀጠሮ ነበራት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግን መርማሪዋ ራሷ ወደ ሬሳዋ ተጠራች።

አጣቢዋ መጀመሪያ የመጣችው ዓርብ ነበር። ቢሮው ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ሳሙና የበላቸውን ጣቶቿን እያፍተለተለች «ልጄ፣ ላልናገር የማልኩበትን ምስጢር ባወጣ ሕግ ይጠይቀኛል?» አለች። መርማሪዋ ከፋይሏ ቀና ሳትል «ሰኞ ይምጡ፣ እማማ» አለቻት። አሮጊቷም «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነበር የሚሻለው» ብላ ሄደች። ባልደረቦቿ ትንሽ ነገር ስለማያመልጣት መርማሪዋን «መርፌ» ይሏታል። ያን ዕለት ግን መርፌዋ ዶልዱማ ነበረች። ይህንኑ ለራሷ እየነገረች አጣቢዋ የምትሠራበት ቤት ግቢ ደረሰች።

ልብስ መተኮሻው ክፍል ጓሮ ነው። ድሮ ዕቃ ቤት ስለነበር የበሩም የመስኮቱም መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ነው። አጣቢዋ በሩ ሥር ተጋድማለች። የከሰል ካውያው ሆዱን አመድ ሞልቶት ጠረጴዛው ላይ ቀዝቅዟል፤ ምድጃው ውስጥ የነበረውም ከሰል ነድዶ አልቋል። ለመተኮሻ የተነጠፈው ብርድ ልብስ ላይ ግን አንድም ልብስ የለም። ደጅ በተዘረጋው ገመድ ላይ ነጫጭ የወንድ ሸሚዞችና የነርስ ጋውኖች ተሰጥተዋል። መርማሪዋ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ አንገትጌያቸውንም ገለበጠች። ሁሉም ከሌሊቱ ጤዛ ገና እርጥብ ናቸው።

ሬሳዋን ያገኘችው የቤቱ ሴት ልጅ ነርስ ነች። ዓይኗ አብጧል።

«የከሰል ጭስ ነው፤ ፊቷ መቅላቱ ያስታውቃል» አለች።

«በሩ ተዘግቶ ነበር?»

«ገርበብ ብሎ ነበር። መስኮቱ ግን ተቀርቅሯል።»

«እማማ ካውያ ሲያቀጣጥሉ መስኮት ይዘጉ ነበር?»

«እታለም? በብርድ እንኳ ከፍታ ነው የምትተኩሰው። ከሰል ወዳጅ የለውም ትለን ነበር።»

መርማሪዋ በሩን ገፋ አድርጋ ጀርባውን አየች። በደረት ቁመት ላይ ነጫጭ የመዳፍ አሻራዎች ደርቀዋል። በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አሸተተችው፤ አንገትጌ ማጠንከሪያው አሚዶ ነው። ገርበብ ያለ በር የሚደበድብ ሰው ደግሞ የለም።

የቤቱ እናት ሳሎን ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ትጠቀልላለች።

«እሁድ ከምሳ በኋላ ከልጄ ጋር የታመመች ዘመድ ልንጠይቅ ወጣን፤ አመሻሽ ላይ ተመለስን። እታለም ተኝታለች ብዬ አላየኋትም» አለች።

«ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ነበር?»

«ሠላሳ አምስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ምን የማይነጋገረው አለ?»

«እዚህ ከመምጣታቸው በፊት የት ይሠሩ ነበር?»

«ሕፃናት ማሳደጊያ» አለች እናት፤ ተነሥታም ወደ ጓዳ ገባች።

ወንድ ልጇ መምህር ነው፤ ከትምህርት ቤት ተጠርቶ መጥቷል። ሙቀቱ ያነድዳል፣ እሱ ግን ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«እሁድ ቤት ነበርኩ፣ ፈተና ሳርም። ከቅዳሜ ወዲህ ጓሮ አልዞርኩም።»

«ኮትዎን ያውልቁ እንጂ፤ አልቦዎታል።»

«ግድ የለም፣ ደህና ነኝ።»

በዚህ መሃል አንዲት ዳቦ ጋጋሪ በሩ ላይ መጣች። የአጣቢዋን መሞት ስትሰማ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከመሐረቧም የተቀደደ የሕፃን ቀሚስ አንገትጌ አወጣች። በውስጥ በኩል አንድ የአረንጓዴ ክር ስፌት አለበት።

«እናታችን በወሊድ ስትሞት ሦስት ዓመቴ ነበር። ማሳደጊያ አስገቡን። ታናሼን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ለሰው ሰጡብኝ፤ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላውቅም። መዝገቡ ተቃጥሏል አሉኝ። እዚያ አጣቢ የነበረችው እሷ ግን የልጆቹን ልብስ በክር ነበር የምትለየው። የአንድ እናት ልጆች አንድ ቀለም፣ ለታላቅ አንድ ስፌት፣ ለታናሽ ሁለት። ታናሽሽ ያለበትን አውቃለሁ፣ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ነይ አለችኝ።»

«መጣሽ?»

«መጣሁ። ባንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። ከጓሮ የሚደበደብ ነገር ሰማሁ፤ ምንጣፍ የሚያራግፉ መስሎኝ ተመለስኩ። እኔ ነኝ የገደልኳት አይደል?»

መርማሪዋ የአንገትጌውን ስፌት አይታ መለሰችላት። የዓርቡ «ሰኞ ይምጡ» በጆሮዋ እያቃጨለ ነበር።

ከምሳ በኋላ አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«እታለም በጭስ ሞተዋል፤ እሱ እውነት ነው» አለች። «ግን መስኮቱም በሩም በውጭ ተቀርቅሮባቸው ነበር። በአሚዶ በራሰ እጃቸው በሩን ደብድበዋል። ዛሬ በሩ ገርበብ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ የዘጋው ሰው ተመልሶ ከፍቷል።»

«ሌባ ይሆናል» አለች እናት።

«የውጭው በር ከውስጥ ተዘግቶ ነበር፤ ጋጋሪዋ አንኳኩታ ተመልሳለች። እናንተ ሁለታችሁ ዘመድ ቤት ነበራችሁ፤ ዘመዳችሁን በስልክ ጠይቄያለሁ።» ወደ መምህሩ ዞረች። «አንድ ነገር አስቸገረኝ። ካውያው ግሎ ነበር፣ አሚዶው ተበጥብጧል፣ የሚተኮስ ልብስ ግን የለም። ማን ወሰደው? ገመዱ ላይ ያለው ሁሉ እርጥብ ነው። ዛሬ ጠዋት ለሥራ የሚለበስ ደረቅ ሸሚዝ የነበረው ጠረጴዛው ላይ ብቻ ነው። አሁን ኮትዎን ያውልቁ።»

መምህሩ እናቱን አየ፤ እህቱን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ አወለቀ። የሸሚዙ ቀኝ እጅጌ መስመሩን ጠብቆ ተተኩሷል። የግራው ከገመድ እንደወረደ ተኮማትሯል።

«ልገድላት አልነበረም» አለ። «ለእማዬ፣ ለምትመጣው ሴት ስለ ታናሿ በቃ እነግራታለሁ ስትላት ሰማሁ። አራት ዓመቴ ሆኖ እማዬ ሁለት ወር ጠፍታ፣ ሕፃን ታቅፋ የገባችበትን ቀን አልረሳውም። የሚፈልጓት እህቴን ነው አልኩ። እንዳትናገሪ ብዬ ለመንኳት፤ ሳቀችብኝ። ሴትዮዋ ስትመጣ በመስኮት አይቼ ድምፅ እንዳይወጣ ዘጋሁባት፤ እስክትሄድ ብቻ። ድብደባው ሲቆም አኮረፈች ብዬ ፈተናዬን ማረም ቀጠልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብከፍት... ጠዋት ሸሚዙን ስወስድ ተራምጃት ነው የገባሁት።»

ነርሷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ለኔ ብለህ?»

«ለምን እንደሳቁ ልንገርዎት?» አለች መርማሪዋ። «ገመዱ ላይ ባለው የእህትዎ ልብስ ላይ ምንም ክር የለም።» ተጠግታ የሸሚዙን አንገትጌ ገለበጠች። ከሥሩ ሁለት አረንጓዴ ስፌቶች አሉ። «እዚያ በተሰጡት ሸሚዞችዎ ላይ ሁሉ ይህ አለ። ላልናገር ብለው ምለዋል፤ በመርፌ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ነግረውዎታል።»

እናት እንደ ሕፃን አለቀሰች። «እሷንማ አምጬ ነው የወለድኳት፣ ልጄ። ሐኪም ሁለት ወር አስተኝቶኝ ነበር። ያልወለድኩት አንተን ነው። እንዳላጣህ ብዬ አስማልኳት፤ ይኸው በገዛ እጄ አጣሁህ።»

መምህሩ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና ክሯን ዳበሳት። ጋጋሪዋ የራሷን ቁራጭ ጨርቅ እንደያዘች ተነሥታ አጠገቡ ቆመች። ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ የተገለበጠውን አንገትጌ በዱቄታም ጣቶቿ መለሰችለት።

«አጥፍተሃል» አለችው። «ግን ታናሼ ነህ።»

አንድ ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ካቴና አዘጋጅቷል። ጋጋሪዋ ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«ከወሰዳችሁት በኋላ መቼ ልየው?»

የእስረኛ ዘመድ መጠየቂያው የሚቀጥለው ሰኞ ነበር። «ሰኞ ነይ» የሚለው ቃል መርማሪዋ ምላስ ላይ ደርሶ መልሳ ዋጠችው። ሁለት ወንበር ሳበች፤ ፖሊሱንም ወደ ኋላ እንዲል በእጇ አሳየችው።

«አሁን» አለች። «አሁን ተቀመጪና አናግሪው።»