በክረምት ዘጠና ሰባት ዲግሪ

ወጣቱ ይታያል የሞተው ተኝቶ ነው። ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ፣ ጆሮዎቹን በጥጥ ደፍኖ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ነሐሴ ዘጠኝ፣ ዓርብ ዕለት፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሥራ ባልደረባው ትሕትና በሩን ገፍታ ስትገባ እንቅልፍ ያልጠገበ መስሏት ሁለት ጊዜ በስሙ ጠራችው። ሦስተኛውን ትከሻውን ነካችና ጮኸች። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ የአከራዩን የአቶ አስማማውን ግቢ ሞላው።

ሟቹ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ሲሆን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የምረቃና የሰርግ ቪዲዮ በማቀናበር ይተዳደር ነበር። የሚሠራበት ላፕቶፕ ለጌም ተብሎ የተሠራ፣ ጉልበተኛ ዕቃ ነው። ይህ ጉልበተኛ ዕቃ ታዲያ ከሐምሌ ወዲህ አመል አወጣ፤ ድንገት ይግላል፣ ሲግል ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ምስሉም ይንቀራፈፋል። ጠጋኙ ደመላሽ ሁለት ጊዜ ሠርቶ መለሰለት፤ ሁለቱንም ጊዜ ችግሩ ተመልሶ መጣ። ረቡዕ ዕለት ሁለቱ ግቢው በር ላይ ሲጨቃጨቁ ሰው ሰምቷቸዋል።

ለሳጅን አበረ ይህ ይበቃው ነበር። ደመላሽ የላፕቶፑን ቻርጀር ቀይሯል፤ ቻርጀር ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። ሳጅኑ እንዲህ ያለውን ሒሳብ በደቂቃ ይጨርሳል። ዓርብ ሳይመሽ ደመላሽን ከሱቁ አውጥቶ፣ እጁን በካቴና አስሮ፣ በገበያው መሀል በእግሩ ወሰደው። ኢንስፔክተር የብርጓል የእስር ወረቀቱን የፈረመችው ለሌላ ጉዳይ ወደ ሉማሜ ልትሄድ አንድ እግሯን መኪና ውስጥ አስገብታ ነው። በደንብ አላነበበችውም። መንገዱን ሙሉ ይኸው ነገር ሲከነክናት ነበር።

ቅዳሜ ስትመለስ ሐኪሙ ጠበቃት።

«ኤሌክትሪክ አይደለም» አላት። «ገላው ላይ የቃጠሎ ምልክት የለም። የቆዳው ቅላት የከሰል ጭስ የገደለው ሰው ቅላት ነው። የሞተውም ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመስለኛል።»

ወደ ሳጅኑ ዞረች። «ክፍሉ ውስጥ የከሰል ምድጃ አገኛችሁ?»

«አላገኘንም። መስኮቱ ግን ተዘግቶ ነበር።» ሳጅኑ ዓይኑን አሸሸ። «ደመላሽ ምድጃውን አስገብቶ መልሶ አውጥቶት ቢሆንስ?»

«ሰኞ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ እናውቃለን። ካላወቅን ዳኛው ቢፈታው እንኳ ከተማው ‹ገዳይ› እያለው ይኖራል።»

ደመላሽ ጣቢያው ውስጥ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አላያትም።

«አባቴ ዛሬ ጠዋት ከይጁቤ መጥቶ ጠየቀኝ» አለ ሳትጠይቀው። «ሰው እንዳያውቀው ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ። አባቴ በእኔ ሲያፍር አይቼ አላውቅም።»

የብርጓል ፊቷ ጋለ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ገና ምንም በእጇ ሳይኖር ይቅርታ ማለትም አሳፈራት። በምትኩ ስለ ላፕቶፑ ጠየቀችው።

«እኔ ጋ ሲመጣ ጤነኛ ነው፣ እሱ ጋ ሲመለስ ይግላል። ይታያል ደግሞ እንዳይግልበት ብሎ መስኮት ከፍቶ፣ በዚህ በክረምት ብርድ ተቆራምዶ ነው የሚሠራው። ነገሩ አልገባኝም። ረቡዕ ማራገቢያውን ጠረግኩ፣ ሙቀት የሚያወጣለትን ቅባት ቀየርኩ፣ ሙቀቱንና ፍጥነቱን በየደቂቃው የሚመዘግብ ፕሮግራም ጫንኩበት። ‹ለጥቂት ቀን እንዳታጠፋው› ብዬው ሄድኩ።»

«ታዲያ ለምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«የሚደብቀኝ ነገር ስለነበረ ነው። ‹ለእኔ ሥራስ ደህና ነው፤ የሚንቀራፈፈው ሌላ ሰው ሲነካው ነው› አለኝ። ማን? ስለው ሳቀና ‹ቃል አለብኝ› አለ። ሕመሙን ደብቀህ መድኃኒት ትጠይቀኛለህ ብዬ ጮህኩበት። እንግዲህ የመጨረሻ ቃሌ ያ ሆነ።»

ትሕትና ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ነበር። ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ያለቀውን የምረቃ ቪዲዮ በፍላሽ ከይታያል ተቀብላለች።

«ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ነበር። ‹የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ እንዳይቀሰቅሰኝ› ብሎ ጆሮውን በጥጥ ሲደፍን ትቼው ወጣሁ።»

«መስኮቱ?»

«ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ብርዱ ያንቀጠቅጣል።»

ወይዘሮ ደብሪቱ፣ የአከራዩ ባለቤት፣ በተራቸው ብዙ አወሩ። ፍልሰታ ነው፤ ቅዳሴው ስድስት ሰዓት ገብቶ ዘጠኝ ሰዓት ይወጣል። ዝናቡ ደግሞ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዶፉን ሲያወርደው ነበር።

«ነጠላዬ እስኪጨመቅ ርሼ ገባሁ። አስማማው ቀድሞኝ ገብቶ ተጋድሟል። ራሴን አዞረኝ፣ አቅለሸለሸኝ ይላል። በዚህ ዕድሜህ እስከ ዘጠኝ አትጹም ብለው አይሰማኝም። እሱስ ደረቅ ጋቢ ለብሷል፤ የምንቀጠቀጠው እኔ። ደግነቱ ተነሥቶ ወጣ አለና የጋመ ምድጃ አመጣልኝ።» ወይዘሮ ደብሪቱ በሐዘኑ መሀል ፈገግ አሉ። «በአርባ ዓመት ትዳር አንድ ቀን ከሰል አያይዞልኝ አያውቅም። የደብረ ኤልያስ ገበሬ ልጅ እኮ ነው፤ ብርድ ሰው ይጎዳል ብሎ አያምንም።»

የብርጓል ማስታወሻዋን ዘጋች። የሚቀጥለውን ጥያቄ መጠየቅ ከበዳት፤ ምክንያቱም አቶ አስማማው የሂሳብ አስተማሪዋ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰበካ ጉባኤ አባል ሆነው ያገለግላሉ። በሰፈሩ የነበሩትን ሁለት ጌም ቤቶች ወላጆችን አስፈርመው ያዘጉትም እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ዓርብ ከስድስት ሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«በፍልሰታ የት እሆናለሁ ልጄ? ቅዳሴ ነዋ። ጾሙ ራሴን ሲያዞረኝ ስምንት ሰዓት አልፎ ወጣሁ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያን ልጅ የፈጀው ይኸው ጌም የሚሉት ዕቃ ነው። ተናግሬ ነበር።»

ይህን ሲሉ ፊታቸውን ከእሷ አዞሩ። የብርጓል አየችና ያላየች መሰለች።

እሑድ ከሰዓት ሁሉም በይታያል ክፍል ተሰበሰቡ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው በሩ አጠገብ፣ አልጋው በውስጠኛው ማዕዘን ከመጋረጃ ጀርባ። አቶ አስማማው ወንበር ሲቀርብላቸው እንቢ ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ደመላሽ ካቴናው ተፈቶለት ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ።

«መዝገቡ ምን ይላል?» አለችው የብርጓል።

ደመላሽ የላፕቶፑን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር እየመለሰ አነበበ። «ይታያል ሌሊቱን ሲሠራ ሙቀቱ ከሰባ አምስት ዲግሪ አላለፈም፤ ፍጥነቱም አልቀነሰም። አራት ሰዓት ላይ ሥራ ቆመ። ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ እንደገና ከባድ ሥራ ተጀመረ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ዘጠና ሰባት ዲግሪ ገባ፤ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ወረደ። ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ ቆመ።»

«አንድ ዕቃ፣ አንድ ክፍል። ሌሊት ያልጋለው ቀን ለምን ጋለ?»

«ሌሊት መስኮቱ ክፍት ነበር። ቀን ግን ተዘግቷል።» ደመላሽ የላፕቶፑን ሆድ ፈትቶ ማራገቢያውን አሳየ። ክንፎቹ ላይ ነጭ አመድ ተለጥፏል። «ይህን ረቡዕ ጠርጌዋለሁ። አጠገቡ ከሰል ተቀምጦ፣ ትኩስ አየርና አመድ ሲስብ ነው የዋለው።»

«ይታያል ራሱ ነቅቶ ቢሆንስ?» አለ ሳጅን አበረ።

«ቢነቃ ጥጡን ከጆሮው ያወጣ ነበር» አለች የብርጓል። «መስኮቱንም አይዘጋም፤ ለዚህ ላፕቶፕ ሲል ብርድ ሲጠጣ የከረመ ልጅ ነው። እሱ ተኝቷል። ሌላ ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ ምድጃ አስገብቶ፣ ላፕቶፑን ሲነካ ቆየ። ያ ሰው በኋላ ምድጃውን አወጣ።»

የብርጓል አንድ በአንድ አየቻቸው። «ትሕትና ፍላሹን ይዛ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ተመራቂዎቹ ቤት ነበረች፤ ቤተሰቡ መስክሯል። ወይዘሮ ደብሪቱ ከጎረቤቶቻቸው ጋር አስቀድሰው አብረው ረጥበው ተመለሱ። ደመላሽ ሙሉ ቀን ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ሲያስተናግድ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት የሱቅ ጎረቤቶቹን ጠየቅኩ። ለዚህ የፈጀብኝ ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያውን ደቂቃ ዓርብ ዕለት ነበር ማጥፋት የነበረብኝ። ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ አፍሬያለሁ ደመላሽ።»

ሳጅን አበረ ጫማውን ማየት ጀመረ። የሚቀረው አንድ ሰው ነበር፤ ሁሉም ያን ሰው ላለማየት ይጠነቀቃል።

«ጋሼ፣ ስምንት ሰዓት አልፎ ከቅዳሴ ወጣሁ ብለውኛል። በዚያ ሰዓት ዶፍ ይጥላል። ጋቢዎ ግን ደረቅ ነበር። ራስዎን ያዞረዎትና ያቅለሸለሸዎት ጾሙ አይደለም፤ ይታያልን የገደለው ጭስ ነው። ለባለቤትዎ ያመጡት ምድጃም ለእሳቸው ተብሎ የተቀጣጠለ አልነበረም።»

«ደመላሽ፣ መጨረሻ የተከፈተውን ክፈተው» አለች። ላፕቶፑ ተመልሶ ሲገጠም በስክሪኑ ላይ የእርሻ ጌም መጣ፦ ቀይ ትራክተር፣ ግማሹ የታረሰ ሰፊ ማሳ። ከላይ የእርሻው ስም በላቲን ፊደል ተጽፏል፦ ደብረ ኤልያስ።

የአቶ አስማማው ዓይን ትራክተሩ ላይ ተተከለ።

«አባቴ መሬቱን ለወንድሜ ሰጠው» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ተማር አለኝ። ተማርኩ፣ አስተማርኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ማረስ አማረኝ። ይታያል አንድ ቀን ይህን አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሲሄድ እየጠበቅኩ እመጣለሁ።»

«መስኮቱን የዘጉት?»

«ሰው እንዳያየኝ። ምድጃውን ያስገባሁት ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው አልታዘዝ ስላሉኝ ነው። ራሴን ሲያዞረኝ የጾሙ መሰለኝ፣ ተውኩት። ስወጣ ያንኮራፋ ነበር። እንዳይበርደው ብዬ ምድጃውን ወደ አልጋው አስጠጋሁለት።»

«ምድጃውን ሊወስዱ ሲመለሱስ?»

«አያንኮራፋም ነበር። እንቅልፉ የጠለቀ መሰለኝ። ወደ እሱ አላየሁም። ደብሪቱ ሳትጠረጥር ምድጃውን ማድረስ ብቻ ነበር ያስቸኮለኝ።»

«ደመላሽ ሲታሰርስ ጋሼ?»

«ሁለት ጊዜ ጣቢያው በር ደረስኩ። ምን ብዬ ልግባ? በፍልሰታ ቅዳሴ ትቼ ጌም ስጫወት ነበር ልበል? ይህን ከምናገር ልጁ ሰኞ ይፈታ የለ ወይ ብዬ ተመለስኩ።» የተናገሩት ለራሳቸው ጆሮ ሲደርስ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። የሰው ነፍስ ጠፍቶ የፈሩት ስለ ጌሙ መታወቁን ነበር፤ አሁን ያሳፈራቸው ይኸኛው ነው።

«ያጠፉት በስህተት ነው» አለች የብርጓል። «ዝም ያሉት ግን በስህተት አይደለም።»

ደመላሽ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ «ለእርስዎ ነበር ያስጠገነው» አለ። «ለእሱ ሥራ ደህና ነበር። ትራክተርዎ እንዳይንቀራፈፍብዎት ነው ሦስት ጊዜ ያመላለሰኝ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

አቶ አስማማው ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ እያሉ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ማንም ሊያነሣቸው አልደፈረም። ወይዘሮ ደብሪቱ እንኳ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።

መኪናው ደጅ ቆሟል። ደመላሽ ግን መኪና ውስጥ አልገባም አለ። «ታስሬ በእግሬ ያየኝ ሰው ተፈትቼም በእግሬ ይየኝ።»

«እኔም በእግሬ ልሂድ» አሉ አቶ አስማማው። ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን አውልቀው የባላቸውን ፊት ሊሸፍኑ ሲሉ አቶ አስማማው እጃቸውን ይዘው መለሱላቸው።

ገበያው ጥግ ላይ አንድ ባለሱቅ፣ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣ። «ጋሼ! ምነው ከፖሊስ ጋር? ለምስክርነት ነው?»

አቶ አስማማው ቆሙ። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ የብርጓልም አትቃወማቸውም ነበር።

«አይደለም» አሉ። «ለይታያል ሞት ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ቅዳሴ ሄድኩ ብዬ ዋሽቼ፣ ክፍሉን በከሰል አፍኜ ጌም ስጫወት ነበር። ይህ ልጅ ምንም አላደረገም።»

አቶ አስማማው ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄደው ያንኑ በዚያው ቃል ደገሙት። ከዚያም በሚቀጥለው። ሳጅን አበረ ሊያስቆማቸው ሲል የብርጓል ያዘችው። ስድስተኛው ሱቅ ጋ ሲደርሱ ግን ደመላሽ ራሱ መቆም አቃተው።

«ይብቃዎ ጋሼ» አላቸው። «ሰምተዋል።»

«አባትህ አልሰማም» አሉና ወደ ሰባተኛው በር ተራመዱ።