የፊት እግር

በሰፈራችን የሚነቃነቅ ወንበር ከቤቱ የማያወጣ አናጢ አለ። ጠረጴዛ ሠርቶ ሲጨርስ አራቱንም ጥግ በአውራ ጣቱ ይጫናል። አንደኛው እግር የወረቀት ያህል ካጠረ ደንበኛው «ኧረ ግድ የለም፣ ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አደርግበታለሁ» ብሎ ቢለምነውም አይሰጠውም። «ካርቶን ለመጠቅለያ ነው እንጂ ለእግር አይሆንም» ይላል። በዚህ ጠባዩ እናከብረዋለን። አማቾቹ ሳይቀሩ ያከብሩታል፤ ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁንና ይህ ሰው የሠራውን ዕቃ ለደንበኛ የሚያደርስባት አንዲት አሮጌ ፒካፕ አለችው። ወደ እሷ ሲመጣ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። የበሯ እጀታ ቢወልቅ «ይሄዳል»። መስኮቷ አልወርድም ቢል «ይሄዳል»። የፊት ጎማዎቿ በውስጥ ወገን ተበልተው ሽቦ ቢያሳዩ «ኧረ ገና ይሄዳል!» ስለዚህ ስሙን ትተን ጋሽ ይሄዳል አልነው። አልከፋውም።

መካኒኮች ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘውንና ንዝረቱን የሚችለውን ክፍል በጥቅሉ «እግር» ይሉታል። የዚያች ፒካፕ የፊት እግር ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ቋ! ይል ነበር። ጥሩንባዋ ከሞተ ቆይቷል፤ አላስፈለጋትምም። ከመንገዱ ማዶ ቋ ቋ ሲል የሰፈሩ ልጆች «ቁም ሳጥን መጣ!» እያሉ መንገድ ይለቃሉ።

የአናጢው ሚስት የሶፋ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ጨርቋን በጭኗ ይዛ አብራው ስትሄድ እንዲህ ተባባሉ፦

«ይሄ ድምፅ ይሰማሃል?»

«የቱ?»

«የቱ ትለኛለህ እንዴ? ከእግሬ ሥር የሚያንኳኳው ነዋ!»

«እኔ አይሰማኝም።»

«እውነትህን ነው?»

«ድሮ ይሰማኝ ነበር። አሁን ለመድኩት።»

«እንግዲያው ውረድና በሩን ክፈትለት። ይሄን ያህል የሚያንኳኳ እንግዳ ውጭ አይተውም።»

አናጢው ስቆ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገው። ሬዲዮ፣ መቼም ታውቃላችሁ፣ መፍቻ ሳያስፈልገው ስንቱን ብልሽት የሚጠግን ዕቃ ነው።

ሴትየዋ ግን የምትተው አልሆነችም። በቁርስ ላይ አነሳችው፣ በራት ላይ አነሳችው፣ መጨረሻ ላይ አናጢው ተማረረና ፒካፗን ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው። ጎማው ሊወልቅ እንደ ደረሰ የልጅ ጥርስ ተነቃነቀ።

«ጋሼ፣ ቦል ጆይንቱ አልቋል» አለ መካኒኩ፣ በጣቱ እየጠቆመ። «ይቺ ኳስ ናት ጎማውን የያዘችው። ከጎድጓዳዋ ከወጣች ጎማው ይታጠፋል። ላስቲኮቹ፣ ጎሚኒዎቹም፣ ተበልተዋል። የግራም የቀኝም ቢቀየር ነው የሚሻለው።»

«ዛሬ ያልቃል?»

«ኧረ ዛሬስ አይሆንም፣ ዕቃው መፈለግ አለበት። ትንሽ ትቆማለች።»

«መቆምማ አትችልም። የሙሽሮች ቁም ሳጥን አለብኝ። ልብሳቸውን መሬት ላይ ይከምሩት? ይልቅ ግራሶ ሙላበት።»

«ጋሼ፣ ግራሶ እኮ ድምፁን ነው የሚያጠፋው።»

«ታዲያ ያስጨነቀኝ ድምፁ አይደል? ሚስቴ የምትነተርከኝ በድምፁ ነው።»

መካኒኩ በክንዱ አንገቱን አከከ። «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» አለና ቅባቱን ሞላበት። ወገኖቼ፣ «እርስዎ ካሉ» እና «ይሄዳል» የተጋቡ ቃላት ናቸው። ብዙ ልጆች ወልደዋል፤ አንዳንዶቹን በየመንገዱ ዳር ተገልብጠው ታገኟቸዋላችሁ።

ፒካፗም ዝም አለች። አናጢው ሚስቱን አሳፍሮ ጉድጓድ እየመረጠ ነዳት።

«ስሚ እንግዲህ! አንኳኳች?»

ሚስቱ ጥቂት አዳመጠች። «ተሽሏት ነው ወይስ ደክሟት?»

«አንቺ ደግሞ አትረኪም!»

አናጢው አንድ ታናሽ ወንድም አለው። ዕቃ የሚያደርሰው እሱ ነው። ሊፍት እንለዋለን፤ አሳንሰር በሌለው ፎቅ ላይ ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ተሸክሞ እያፏጨ ስለሚወጣ። ደረጃ ላይ ያገኛቸውን ሴቶች «ወደ ላይ ናችሁ ወደ ታች?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያ ቀልድ ብቻ ሁለት ጊዜ ሊታጭ ምንም አልቀረው።

የሙሽሮቹ ቁም ሳጥን ሲጫን አናጢው ኮላ የተቀባ ጣውላ እያጣበቀ ስለነበር እጁን መልቀቅ አልቻለም። ሊፍት በሥራ ቦታው መስኮት በኩል አንገቱን አስግጎ ጠራው።

«ወንድምጋሼ፣ መሪዋ ወደ ግራ እየጎተተችኝ ነው።»

«ቀኝ ቀኙን ያዛት።»

«እሱንማ ሁልጊዜም እይዛታለሁ። የዛሬው ግን ሌላ ነው፣ እጄን እያደነዘዘኝ ነው።»

«ይሄዳል በለኝ አንተ ልጅ! ሰዎቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።»

ሊፍት ሄደ።

በፍጥነት አልነበረም። ይህን እስካሁን ሁሉም ሰው ይደጋግመዋል፣ የሚያጽናና ነገር ይመስል። ቁልቁለቱ ላይ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ለመሸሽ መሪውን ዞር ሲያደርግ ኳሷ ወጣች። የግራው ጎማ ከሥሯ ታጠፈ። ፒካፗ እንደ ግመል በጉልበቷ ተንበርክካ እየተንፏቀቀች የውኃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ገባች። የጭነቱ ገመድ ተበጠሰ። ቁም ሳጥኑ የኋላውን መስታወት ሰብሮ ገብቶ ሊፍትን ከመሪው ጋር አጣበቀው።

ቁም ሳጥኑ ምንም አልሆነም። ሲያወጡት በሮቹ እንደተዘጉ ነበሩ፤ መገጣጠሚያዎቹ ፍንክች አላሉም። የአናጢው ሥራ እንደዚያ ነው።

ሐኪም ቤት ውስጥ ሐኪሟ የሊፍትን እግር በመርፌ ጫፍ ነካች።

«ይሰማሃል?»

«አይሰማኝም።»

«እዚህስ ጋ?»

«አይሰማኝም።»

የአናጢው ሚስት ከአልጋው ግርጌ ቆማ ነበር። ቀና ብላ ባሏን አየችው። አናጢው ግድግዳውን ያያል። ግድግዳው ላይ እጃችሁን ታጠቡ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ደጋግሞ አነበበው።

ሐኪሟ የጀርባው ነርቭ መጎዳቱን ነገረቻቸው። የቀኙ እግር ይመለሳል ብላ ታስባለች። የግራውን ግን ጊዜ ነው የሚያውቀው።

አናጢው አላለቀሰም። ወደ ሥራ ቦታው ሄዶ አንድ ጣውላ አሠረና መላግ ጀመረ። ሚስቱ ምሳ ይዛለት ስትመጣ ጣውላው የማስመሪያ ያህል ቀጥኖ፣ ፍቅፋቂው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርሶ አገኘችው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

ሳህኑን አስቀመጠችለት። ምሳው ቀዘቀዘ። እሷም ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች እንጂ ፔዳሉን አልረገጠችም። በዚያ ቤት ለብዙ ጊዜ ሰዎች የሚናገሩት «ጨው አቀብለኝ» እና «በሩን ዝጊው» ብቻ ነበር።

ጎረቤት ሊጠይቅ መጣ፤ እኔም ከመጡት አንዱ ነበርኩ። ወንበሮቹ አይነቃነቁም፤ ተመቻችተን ተቀመጥንና እንደ ልማዳችን ማጽናናት ጀመርን።

«ዕጣው ሆኖ ነው» አለ አንዱ።

«ክፉ ዓይን ነው እንጂ! ሲስቅ ይታይ ነበራ» አለች ሌላዋ።

«ከዕጣ የሚያመልጥ ማን አለ?» አልኩ እኔም፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በተማርኩት ጥልቀት።

አናጢው እስከዚያ ድረስ እጆቹን ያይ ነበር። ከዚያ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ ሁሉ፣ ተናገረ።

«ዕጣ አይደለም። ተነግሮኝ ነበር። ሚስቴ ነግራኛለች። መካኒኩ ነግሮኛል። እሱም ራሱ፣ ሊነሣ ሲል በመስኮት ነግሮኛል። ወንበር ቢሆን ኖሮ ከቤቴ አላስወጣውም ነበር።»

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ተነሥተን ወጣን።

በማግሥቱ አናጢው የተጎተተችውን ፒካፕ ለማሠራት ጋራዥ ሄደ። መካኒኩ ዓይኑን ሊያይ አልቻለም። ጎንበስ ብሎ የታጠፈውን እግር እየነካካ፣ «የወጣው የግራው ነው። የቀኙ ለጊዜው...» ብሎ ጀመረና ራሱ አቆመው።

«ሁለቱንም» አለ አናጢው። «ከላይም ከታችም። ጎሚኒዎቹን፣ የመሪውን ጫፎች፣ ጎማዎቹንም። ዕቃው እስኪገኝ ትቁም።»

መካኒኩ ሥራውን ጨርሶ፣ የጎማዎቹን መስመር አስተካክሎ እጁን ሲጠርግ፣ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ እምቢ ማለት ነበረብኝ» አለው።

«አዎ፣ ነበረብህ።» አናጢው ቁልፉን ተቀበለው። «እምቢ ብትለኝ ደግሞ ሌላ ጋራዥ እሄድ ነበር።»

እንግዲህ ምክር ከእኔ ብትቀበሉ ይህን ስሙኝ። ልማድ ጆሮን ይደፍናል እንጂ የተበላ ብረት አይደፍንም። የምትነዱት ነገር ሲያንኳኳ ድምፁን ለማጥፋት አትድከሙ፤ የሚያንኳኳውን ፈልጉ። የአንዱ ወገን ካለቀ የሌላውም ወገን ያንኑ መንገድ ነው የሄደውና ሁለቱንም ቀይሩ። መካኒክ ከሆናችሁ «እርስዎ ካሉ» አትበሉ። መሪ ይዞ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው «የዛሬው ሌላ ነው» ሲላችሁ ኮላው ይድረቅ፣ ሙሽሮቹም ይጠብቁ። ጎረቤት ከሆናችሁም በጥንቃቄ ጉድለት የመጣውን ሁሉ ለዕጣ አታሸክሙት።

ከወራት በኋላ አናጢው ወንድሙን እግሩን ወደሚያፍታቱለት ቦታ ይወስደው ነበር። የቀኙ ተመልሷል። የግራው አውራ ጣት አንዳንዴ ይቆጠቁጠዋል፤ ሐኪሟ ደስ ብሏት ጥሩ ምልክት ነው ብላለች፤ ከዚያ በላይ ግን የሚያውቅ የለም። ሊፍት በምርኩዝ ሁለት ደረጃ ይወጣና ያርፋል። ቀልዱን ትቷል።

ፒካፗ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጉድጓድ ላይ ስትወድቅ እንኳ ትንሽ እፎይ ብላ ትነሣለች። አንድ ቀን ሁለቱ ወንድማማቾች በመንገድ ላይ ነበሩ።

ቋ!

አናጢው ፍሬን ያዘ። መንገዱ መሃል አቆማት። ወርዶ ከነንጹሕ ሸሚዙ አስፋልቱ ላይ ተጋደመ፤ ክሪኩን አውጥቶ አነሣት፤ የግራውን ጎማ ወዘወዘ፣ ዞሮ የቀኙንም ወዘወዘ። ንቅንቅ አይልም። ከኋላ መኪኖች ተሰልፈው ጥሩንባቸውን ያስጮኻሉ፤ አንዱ አንገቱን አውጥቶ ይሳደባል። አናጢው ቀና ብሎም አላየው። ሁሉንም ብሎን አንድ በአንድ ዳሶ፣ ላቡን እየጠረገ ተመልሶ ገባና ነዳ።

ቋ!

እንደገና አቆመ። በሩን ከፍቶ ሊወርድ ሲል ሊፍት ክንዱን ያዘው።

«ወንድምጋሼ፣ ምርኩዜ ነው። በሩን እየመታ ነው።»

አናጢው ምርኩዙን አየ። በመቀመጫውና በበሩ መካከል ተጋድሟል።

«መጀመሪያውኑ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ሊፍት ምርኩዙን አንሥቶ በጉልበቶቹ መካከል አቆመው።

«የሚያንኳኳውን ስትፈልግ ልይህ ብዬ ነው።»