ከገንዳው ወለል ሥር

ቆሌ አየሁ፣ ድምፅ ጠራኝ የሚል ሰው ወሬ ሲጀምር እኔ እንቅልፌ ነው የሚመጣ፣ እናቴም እንዲሁ ነበረች፣ ገደሉ በስሜ ጠራኝ ላለቻት ጎረቤት «ነፋስ ነው፣ ነጠላሽን ተከናነቢ» ብላ ነበር ያለፈቻት፣ እና ይኸን የማወራችሁ በእንዲህ ያለ ነገር አምኜ አይደለም፣ በጆሮዬ ስለሰማሁት ነው።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ከዳባት ወጣ ብሎ ባለው ደብራችን። የጥምቀቱ ገንዳ፣ ያ መሬት ተቆፍሮ በድንጋይ የተገነባው፣ ውሃ አልይዝ አለ፣ ማታ ከቦዩ ሞልተነው ጧት ከጉልበት በታች ወርዶ እናገኘዋለን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ክፉ ሰው እንኳ አልነበረም፣ የበላይ ትእዛዝ ይዞት ነው፣ እስከ ከተራ ውሃ ካልያዘ ድንጋዩ ተነቅሎ ለማኅበሩ መጋዘን ይሆናል አለን። ቄሶቹ አቀረቀሩ። አያ መርሻ ግን፣ ገንዳውን በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር የገነቡት፣ ዓይናቸው እንኳ የደከመ ሽማግሌ፣ ቀኑን በጣታቸው ቆጠሩና «አሥራ ሁለት ቀን አለኝ፣ ይበቃኛል» አሉ።

እንዲያ ያለ ግንበኛ አላየሁም፣ እመኑኝ። ሲሚንቶ በፈቃድ ወረቀት የሚወጣበት ዘመን ነው፣ ለቤተ ክርስቲያንማ ማን ይፈቅዳል፣ እሳቸው ኖራውን በሸክላ ዱቄት ሊያጠነክሩት ተነሡ፣ አገሩ ሁሉ የጋን የእንስራ ስባሪውን አመጣ፣ እኔ ያኔ ልጃገረድ ነኝ፣ ገንዳው አፋፍ ላይ ተቀምጬ እወቅጣለሁ። ቀዳዳውን ለማግኘት በውሃው ላይ የጤፍ እብቅ በተኑ፣ እብቅ ውሃው ወደሚሰርግበት ነው የሚሰበሰብ፣ ያን ቀን ግን መሐል ላይ ሄዶ ዞረ፣ ዞረና ተበተነ። ሦስቴ ሞከሩት፣ ያው ነው። «ይኸ ውሃ እያሾፈብኝ ነው» ብለው ሳቁና አስፈሰሱት።

በማግስቱ ሰው ሁሉ የማኅበሩን እርሻ ሊያጭድ ሄዷል፣ እኔና እሳቸው ብቻ ነን፣ ቀትር ነው፣ ጥላ እንኳ የለም። ጫማቸውን አውልቀው ወለሉ ላይ ተንበርክከው በመዶሻው እጀታ ድንጋዩን አንድ ባንድ ያንኳኳሉ፣ ባዶ የሚል ድምፅ ይፈልጋሉ። ሁለቴ ሲያንኳኩ ከሥር ሁለቴ መለሰ። የሙቀጫዬ ድምፅ መስሎኝ ዘነዘናውን አስቀመጥሁ። ደገሙ፣ ደገመ።

«አንች፣ እየወቀጥሽ ነው?»

«ኧረ አያ፣ እጄ ባዶ ነው።»

እኔ ብሆን በርሬ ነበር። እሳቸው አማተቡና ጆሯቸውን ድንጋዩ ላይ አስተኝተው፣ አብሯቸው ለሚሠራ ሰው እንደሚሉት «እሽ፣ የት ጋ ነው?» አሉ።

ድምፁ ከፊታቸው ከፊታቸው ሄደ። ባንኳኳበት ላይ አፈሩን ሲጠርጉ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይገኛል፣ በኖራ ይደፍናሉ፣ እንደገና ይከተላሉ። «ቀስ በል እንጂ፣ ጉልበቴን ያመኛል» ሲሉት፣ በእግዜር ስም፣ ድምፁ ቀስ አለ። ስድስት ስንጥቅ ደፈኑ።

ሰባተኛው ከገንዳው አልመጣም። ከሥሬ ነው የመጣ፣ ከተቀመጥሁበት ደረቅ መሬት፣ ሁለቴ፣ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

አያ መርሻ ቀና አሉ። «የአሁኑ በየት በኩል ነበር? ሰማሽ?»

«አልሰማሁም» አልኋቸው። ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን አላውቀውም፣ ብቻ ያ ቦታ ሲጠረግ ማየት አልፈለግሁም። ብዙ ጠበቁ። ኋላ «እንግዲያው ጨርሰናል ማለት ነው» ብለው ኖራ የለሰኑበትን መለሰኛቸውን አጠቡ።

በከተራ ገንዳው እስከ አፉ ሞላ። ሊቀ መንበሩ ራሱ ማታ እንጨት ነክሮ ለካ፣ ጧትም ለካ፣ አንዲት ጣት አልጎደለም፣ «መጋዘኑን በጭቃ እንሠራዋለን እንግዲህ» ብሎ ሳቀ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ማን ረዳዎት ሲባሉ አያ መርሻ ወደ እኔ ጠቆሙ፣ አፈርሁ።

እሳቸው አልፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ገንዳው ዛሬም ውሃ ይይዛል። ያችን ሰባተኛ ስንጥቅ ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም፣ የገንዳው ትሁን የኔ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ መሬት ላይ ከመቀመጤ በፊት መዳፌን አሳርፌ ትንሽ እጠብቃለሁ፣ የልጅ ልጆቼ ወገቧን አሟት ነው ይላሉ።