የጉዳቱ መንስኤ

ትርሲት በጠፈር ጣቢያው ኮሪደሮች ስድስት ዓመት ስትንሳፈፍ፣ እግር የላትም ብሎ ነገሬ ያላት ሰው አልነበረም። ክብደት በሌለበት ቦታ ሁሉም ሰው የሚሄደው እጀታ እየያዘ ነው። እንዲያውም እግር ያላቸው ናቸው ሽቦ እየረገጡ የሚበጥሱት፤ የምትቀጥለው ደግሞ እሷ፣ የጥገና ባለሙያዋ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አስተዳደሩ «ሽክርክሮሽ» ያለውን ሥርዓት አስጀመረ። ጣቢያው በራሱ ዙሪያ እየዞረ እንደ ምድር ያለ ክብደት ይሰጣል፤ ለአጥንት ይበጃል ተብሏል። ሁሉም ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ሌላው ተነሥቶ ቆመ። ትርሲት በእጇ እየተሳበች ጥገና ክፍሏ ስትደርስ በሩ ላይ አዲስ ደረጃ ተገጥሟል። የመሣሪያ ሣጥን ይዞ በእጅ መውጣት የማይታሰብ ነው።

ያ ሳያንስ፣ ትናንት አብረዋት ሲቀልዱ የዋሉት ሁሉ ከንፈራቸውን መምጠጥ ጀመሩ። «ውይ፣ አይዞሽ» ይሏታል።

ስድስት ሰዓት ላይ የሠራተኛን ብቃት የሚወስነው ማሽን፣ መዛኝ፣ ፍርዱን ላከ፦ ሥራ ቦታዋ መግባት ስለማትችል በሐሙሱ መንኮራኩር ወደ ምድር ትመለስ፤ ቅሬታ ካላት ቅጽ ትሙላ።

ቅጹ ያለው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው አቶ ገዛኸኝ ዘንድ ነው።

«አይክፋሽ ልጄ፤ ፈጣሪ ያመጣውን ምን ይደረጋል?» አሏት።

«ደረጃውን ፈጣሪ አላመጣውም። የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

«እሱማ ለሁሉም እንዲመች ብለን ነው።»

«ሁሉም ማለት ማን ነው፣ ጋሽ ገዛኸኝ?»

«ያው ሁሉም ነዋ።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሰለቻትና ቅጹን ሳበች። «ጉዳቱ የጀመረበት ጊዜ» ለሚለው፦ ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። «የጉዳቱ መንስኤ» ለሚለው፦ ደረጃ።

«እንዲህ አይሞላም! ወይ ከልደት፣ ወይ በአደጋ ነው የሚባለው» አሉ። እሷ ግን ልካዋለች።

መዛኝ ይሉኝታ አያውቅም፤ የተጻፈለትን ያነባል። መልሱ ወዲያው ግድግዳው ላይ በራ፦ «ሠራተኛዋ ትቆይ። የጉዳቱ መንስኤ ተነቅሎ በሐሙሱ መንኮራኩር ወደ ምድር ይላክ።»

አቶ ገዛኸኝ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ደረጃው ከተነሣ እኛ በምን ልንወጣ ነው?»

ትርሲት አንድ ባዶ ቅጽ አንሥታ ሰጠቻቸው።